የመኪና የኋላ መስታወት ማሞቂያ ሲበላሽ ጉድለቱ ያለበትን ቦታ እንዴት እናገኛለን?

የኋላ መስታወት ማሞቂያው መሥራት ሲያቆም ብዙ ባለ መኪና ወዲያው የሚያስበው የመጠገኛ ቀለም ስለ መግዛት፣ ከዚያም አልፎ መስታወቱን ስለ ማስለወጥ ነው። ሁለቱም ችኮላ ናቸው። ማሞቂያው በጣም ቀላል የኤሌክትሪክ ዕቃ ስለሆነ፣ አንድ ቴስተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚለካ መሣሪያ፣ የያዘና መለካት የማይሰለቸው ሰው ኤሌክትሪኩ የት ላይ እንደ ቆመ ራሱ ሊደርስበት ይችላል።

በመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ አግድም የተሰመሩት ቀጫጭን ክሮች ሽቦ አይደሉም፤ ብር የተቀላቀለበት ቀለም በመስታወቱ ላይ ከታተመ በኋላ በከፍተኛ ሙቀት ተጠብሶ የተጣበቀ ነው። ክሮቹ በግራና በቀኝ ዳር በቁም የተሰመሩ ሁለት ሰፋፊ ጥብጣቦችን ያገናኛሉ። በአንደኛው ጥብጣብ ከባትሪው ፖዘቲቭ የመጣው ኤሌክትሪክ ይገባል፤ በሌላኛው በኩል ወደ መኪናው አካል፣ ማለትም ወደ ማሳ ይወጣል። እያንዳንዱ ክር ለብቻው ከጥብጣብ እስከ ጥብጣብ ስለሚደርስ አንዱ ሲበጠስ የቀሩት መሞቃቸውን አያቆሙም፤ የተበጠሰው ግን የሚቀዘቅዘው በተበጠሰበት ቦታ ብቻ ሳይሆን በሙሉ ርዝመቱ ነው። ስለዚህ ክሩ የት ላይ እንደ ተበጠሰ በእጅ ዳስሶ ማወቅ አይቻልም።

ማሞቂያው በአብዛኛው ከ10 እስከ 25 አምፒር ይስባል። 15 አምፒር ቢስብ በ12 ቮልት 180 ዋት ያህል ማለት ነው፤ ይህም ለመኪና ባትሪ ቀላል ሸክም አይደለም። በብዙ መኪኖች ሞተሩ ካልተነሣ የማይሠራውና ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱን የሚያጠፋው በዚሁ ምክንያት ነው። «ተበላሸ» ከማለት በፊት ሞተሩን አስነሥቶ የማብሪያው መብራት መብራቱን ማየት ያስፈልጋል፤ ምርመራው ረዘም ሲልም ማሞቂያው በመካከል ራሱን አጥፍቶ እንዳያሳስተን መብራቱን ደጋግሞ ማየት ይገባል። የሞተሩ ጭስ ስለሚመርዝ ሥራው በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሳይሆን በደጅ መሠራት አለበት።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ጉዳዩን ለሁለት ይከፍለዋል፤ የማይሞቀው መስታወቱ በሙሉ ነው ወይስ ጥቂት ክሮች ብቻ? ማሞቂያውን አብርቶ መስታወቱን ከውስጥ በትንፋሽ ጉም ማልበስና መመልከት በቂ ነው። በሚሠሩት ክሮች ዙሪያ ጉሙ ቀድሞ ይጠፋል፤ የሞተው ክር ጉሙን እንደ ለበሰ ይቆያል። አንድ ወይም ሁለት ክር ብቻ ሳይሞቅ ከቀረ ችግሩ መስታወቱ ላይ ነው። ሁሉም ሳይሞቁ ከቀሩ ግን ክሮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተበጠሱ ብሎ ማሰብ ስለማይመስል፣ መስታወቱን ትቶ ወደ ፊዩዙና ወደ ሽቦዎቹ መሄድ ይሻላል።

ፊዩዙን የመኪናው መመሪያ ከሚያሳየው ቦታ አውጥቶ ማየት ነው። ተቃጥሎ ከተገኘ በዚያው አምፒር ይተካል፤ አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ አንድ ቦታ ላይ ሾርት አለ ማለት ስለሆነ ከፍ ያለ ፊዩዝ መግጠም እሳት መጋበዝ ነው። ፊዩዙ ደኅና ከሆነ ማብሪያው ሲጫን ሪሌው፣ ማለትም ወደ ማሞቂያው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ትንሽ ዕቃ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ማሰማቱን ማዳመጥ፣ ከዚያም በፊዩዝ ሳጥኑ ውስጥ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ሌላ ሪሌ ካለ ለጊዜው አለዋውጦ መሞከር ይቻላል። ድምፅ ማሰማቱ ብቻ ግን ሪሌው ጤነኛ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ውስጡ ያለው መገናኛ ተቃጥሎም ቀጭ ሊል ይችላል። የጎን መስታወቶቹ ማሞቂያ በዚያው ማብሪያ የሚሠራ ከሆነና እነርሱ ከሞቁ ማብሪያውን ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ማውጣት ይቻላል።

እስከዚህ ጥፋት ካልተገኘ ቴስተሩን በዲሲ ቮልት ላይ አድርጎ ወደ መስታወቱ መምጣት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ በመሆኑ ሰፋ አድርጌ ልናገረው። የቴስተሩን ጥቁር ገመድ ቀለም በሌለው የመኪናው አካል ብረት ላይ ያሳርፉ እንጂ በማሳው ጥብጣብ ላይ አያሳርፉ። ቀዩን በፖዘቲቭ ጥብጣብ ላይ ሲያደርጉ የባትሪውን ያህል፣ ሞተሩ እየሠራ ከሆነም ወደ 14 ቮልት የሚጠጋ ሊያነቡ ይገባል፤ ዜሮ ካነበቡ ኤሌክትሪኩ ወደ መስታወቱ አልደረሰም። አሁን ቀዩን ወደ ማሳው ጥብጣብ ያዛውሩ። እዚህ ንባቡ ከዜሮ ብዙም መራቅ የለበትም። በሁለቱም ጥብጣቦች ላይ እኩል 12 ወይም 14 ቮልት ከተነበበ መግቢያው ደኅና ሆኖ መውጫው ተቋርጧል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ጥቁሩ ገመድ በማሳው ጥብጣብ ላይ ቢሆን ኖሮ ቴስተሩ ዜሮ ያሳይ፣ መርማሪውም ምንም ጥፋት የሌለበትን የፖዘቲቭ ሽቦ ሲፈትሽ ይውል ነበር።

ማሳው ሙሉ በሙሉ ሳይቋረጥ ሊደክምም ይችላል። የማሳው ሽቦ ከአካሉ ጋር የሚታሰርበት ብሎን ዝጎ አንድ አሥረኛ ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢፈጥር፣ 15 አምፒር ሲያልፍበት 1.5 ቮልት ይበላል፤ መስታወቱ መሞቅ የሚገባውን ያህል አይሞቅም፣ ብሎኑ ግን ይሞቃል። ይህ ጉድለት የሚታየው ማሞቂያው በርቶ ሲለካ ብቻ ነው። መፍትሔውም ርካሽ ነው፤ ብሎኑን ፈትቶ ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ መፈተግና መልሶ ማጥበቅ።

የኋላ በራቸው ከነመስታወቱ ወደ ላይ በሚከፈት መኪኖች ላይ ሌላም ደካማ ቦታ አለ። ሽቦዎቹ ከአካሉ ወደ በሩ የሚሻገሩት በማጠፊያው አጠገብ ባለ የላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሲሆን፣ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ስለሚታጠፉ ከዓመታት በኋላ ይበጠሳሉ። አንዳንዴም የውጭ ልባሳቸው ደኅና መስሎ ውስጣቸው ብቻ ይበጠሳል። ቴስተሩን በጥብጣቦቹ ላይ እንደ ያዙ ሌላ ሰው በሩን ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ቢያደርገውና ቁጥሩ ቢዘልል ጉድለቱ ተገኘ ማለት ነው።

ቀሪው የአንድ ክር መበጠስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሰው እጅ ነው፤ ዕቃ ሲጫን ይፋቃል፣ ስቲከር በምላጭ ሲነሣ ይቆረጣል። ቦታውን ለማግኘት የቴስተሩን ቀይ ጫፍ ክሩን እንዳይቧጭር በአልሙኒየም ፎይል መጠቅለል፣ ጥቁሩን በማሳ ላይ መተው፣ ከዚያም የክሩን መካከል መንካት ነው። ጤነኛ ክር በመካከሉ የሙሉውን ቮልቴጅ ግማሽ፣ ማለትም 6 ወይም 7 ቮልት ያህል ያሳያል። ሙሉው ከተነበበ ክሩ የተበጠሰው ከመካከሉ ወደ ማሳው በኩል ነው፤ ዜሮ ከተነበበ ደግሞ ወደ ፖዘቲቭ በኩል ነው። ጫፉን ወደዚያው አቅጣጫ ቀስ እያሉ ሲወስዱት ንባቡ በድንገት ከሙሉ ወደ ዜሮ ወይም ከዜሮ ወደ ሙሉ የሚዘልበት ነጥብ የተበጠሰበት ቦታ ነው። ዓይን የማያየው ጭረት ሊሆን ስለሚችል ከውጭ በኩል በትንሽ ፕላስተር ምልክት ማድረግ ይጠቅማል።

ለጥገናው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ብር ያለበት ቀለም ያስፈልጋል። ማሞቂያውን አጥፍቶ ቦታውን በአልኮል ማጽዳትና ማድረቅ፣ ከክሩ በላይና በታች ፕላስተር ለጥፎ የክሩን ስፋት ብቻ ክፍት መተው፣ ከዚያም ቀለሙን በሁለቱም ጫፍ ወደ ጤነኛው ክር ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል አሳልፎ በስሱ መቀባት ነው። ከአንድ ወፍራም ቅብ ይልቅ እየደረቁ የሚደራረቡ ሁለት ወይም ሦስት ስስ ቅቦች ይሻላሉ። ፕላስተሩ ቀለሙ ፈጽሞ ሳይደነድን በዝግታ ይነሣል፤ ማሞቂያው ግን በቀለሙ መመሪያ ላይ የተጻፈው ጊዜ ሳያልፍ፣ ብዙውን ጊዜም 24 ሰዓት ሳይሞላ፣ መብራት የለበትም። የሽቦው መያዣ ከጥብጣቡ ተላቅቆ ከሆነ ይህ ቀለም አይችለውም፤ ተራ ሙጫም ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ከንቱ ነው። ብር የተቀላቀለበት ኢፖክሲ የሚሠራው ለዚህ ነው። መበየድም ይቻላል፤ ነገር ግን መስታወቱ በአንድ ቦታ ላይ ድንገት ሲሞቅ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ለባለሙያ ቢተው ይመረጣል።

ከጥገናው በኋላ የክሩን መካከል እንደገና ይለኩ። ግማሹን ቮልት ካላሳየ ቀለሙን ከመውቀስ በፊት ያንኑ ክር ከዳር እስከ ዳር መልሰው ይከተሉት፤ ምላጭ ያለፈበት ክር ሁለት ቦታ ላይ የተቆረጠ ሊሆን ይችላል፣ የመጀመሪያው እስኪጠገን ድረስ ደግሞ ሁለተኛው በቴስተሩ አይታይም።