የክራሬን ዝዝዝታ እንዴት እንዳጠፋሁት

በእጄ ከዋንዛ እንጨት የሠራሁት ክራር ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነሳኝ። ከ6ቱ ክሮች ሦስተኛው በተመታ ቁጥር ዝዝዝ ይላል፤ ትዝታ ስቃኝ ደግሞ ይብስበታል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቆዳውን ነው። እዚህ ጅማ ዝናቡ አያባራም፤ ቆዳ እርጥበት ሲገባው ይረግባል። ከከሰል ምድጃ ራቅ አድርጌ አሞቅኩት። ድምፁ ጠራ፣ ዝዝዝታው ግን አለ። ቀንበሩ (ክሮቹ ከላይ የሚታሰሩበት አግዳሚ እንጨት) ላይ ያለውን መቃኛ ፈትቼ አጥብቄ ጠመጠምኩት፤ ለውጥ የለም።

ፍንጩን ያገኘሁት ከበገና ነው። በገና ያን የሚነዝር ድምፁን የሚያገኘው በክሩና በበርኩማው (ክሮቹን ከቆዳው በላይ በሚሸከመው ድጋፍ) መካከል ከምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ከእንዝራዋ ነው። ክሩ ሰፋ ያለ ነገር እየነካ ሲርገበገብ ይነዝራል። የእኔም ክራር ሳላውቅ እንዝራ አብጅቶ ይሆን? ከሦስተኛው ክር ሥር፣ በርኩማው ላይ፣ የታጠፈ ወረቀት ሸጎጥኩ። ጸጥ አለ!

በርኩማውን አውጥቼ ወደ መስኮቱ አዙሬ አየሁት። የክሩ ቦይ ተበልቶ ሰፍቷል፤ ወለሉም ጠፍጣፋ ሆኗል። ሰጋቱራ ነስንሼ ሱፐር ግሉ አንጠባጠብኩበትና አሳደርኩት። ጠዋት በቀጭን ሞረድ አዲስ ቦይ አወጣሁ፤ በቀንበሩ በኩል ያለው ጠርዝ ከፍ፣ ከኋላ ዝቅ እንዲል አጋደልኩት። ክሩ የሚነሳው ከአንድ ስለታም ጠርዝ ብቻ መሆን አለበት፤ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ጥልቀቱ የክሩን ግማሽ ውፍረት ቢይዝ ይበቃል።

ትናንት ማታ ባቲም አምባሰልም ቃኝቼ ተጫወትኩበት፤ ሦስተኛው ክር እንደ ደወል ጠርቷል። የአምስተኛው ቦይም መስፋት ጀምሯልና ቅዳሜ እሱን እሞርዳለሁ።