የሬኔሳንስና የባሮክ ሙዚቃን እንዴት ማዳመጥ ይቻላል? ከቤዙ ጀምሩ

የአውሮፓ የሬኔሳንስ ሙዚቃ በግምት ከ1400 እስከ 1600፣ የባሮክ ደግሞ ከ1600 እስከ 1750 (እ.ኤ.አ.) ያለው ነው። ጆሯችን የለመደው አንድ ዜማና አጃቢ ነው፤ እዚህ ግን ሦስት አራት ዜማ እኩል ይሄዳል። መሪውን ድምፅ የሚፈልግ ሰው ትርምስ ብቻ ይሰማውና ይተወዋል። ስለዚህ ከታች፣ ከቤዙ (ከወፍራሙ ዝቅተኛ ድምፅ) ጀምሩ፤ ባሮክን አስቀድማችሁ ወደ ሬኔሳንስ ተመለሱ።

የስልክ ስፒከር ቤዙን አያወጣውም። ተራ ባለገመድ ኢርፎን ይበቃል፤ ቤዝ የሚጨምረውን ማስተካከያ ግን አጥፉት፣ ሁሉንም ያደበዝዛል። ሉት (ክራር መሰል ባለክር መሣሪያ) እና ሃርፕሲኮርድ (ክሩ እየተነቀሰ የሚጮህ የጥንት ኪቦርድ) ስታዳምጡ ድምፁን ቀንሱ።

ቅጂ ስትመርጡ ሙዚቃው በተደረሰበት ዘመን ዓይነት መሣሪያዎች የተቀዳውን ውሰዱ። የቫዮሊኑ ክር እንደ በገና አውታር ከአንጀት ስለሚሠራ ድምፁ ሻከር ያለና ለስለስ ያለ ነው። ብዙ የባሮክ ቡድኖች ላ የምትባለውን ኖታ የሚቃኙት በ440 ሳይሆን በ415 ኸርዝ ነው። በኪቦርድ አብራችሁ ስትጫወቱ አልገጥም ካለ ትራንስፖዙን (ቅኝቱን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ማስተካከያ) በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጉ።

አሁን የባሮክ ደራሲውን የፓኸልቤልን ካኖን (አንዱን ዜማ ድምፆች እየተከታተሉ የሚጫወቱበት ሥራ) ክፈቱ። በትልቅ ኦርኬስትራ እየተጎተተ የሚጫወተው ቅጂ ለዚህ አይሆንም፤ ሦስት ቫዮሊን፣ ቤዙን የሚይዝ አንድ ቼሎና ሃርፕሲኮርድ ወይም ኦርጋን ብቻ ያለበትን ፈልጉ። ቤዙ ስምንት ኖታ ነው፤ 28 ጊዜ ይመላለሳል። በመጀመሪያው ዙር ቫዮሊኖቹ ዝም ስለሚሉ ስምንቱን ኖታ ያኔ ያዙ። በጣት ከመቁጠር አፍን ዘግቶ ማንጎራጎር ይሻላል። በሁለተኛው ዙር አንደኛው ቫዮሊን ይገባል፤ በሦስተኛው ዙር ሁለተኛው ቫዮሊን ያንኑ ዜማ ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ በአራተኛው ሦስተኛው ይከተላል።

ብዙ ሰው የሚስተው ሁለተኛው ቫዮሊን ሲገባ ነው፤ ጆሮ ወደ ላይ ይሳብና ቤዙ ይጠፋል። ሙዚቃውን ወደ ኋላ አትመልሱት። ዙሩ አጭር ነው፤ ጠብቃችሁ ከመነሻው ኖታ ያዙት። ቤዙን እያንጎራጎራችሁ ቫዮሊኖቹ ሲቀባበሉ መስማት እስክትችሉ ድረስ ወደ ሌላ ሥራ አትለፉ። አሰልቺ ይመስላል፤ ግን አቋራጭ የለውም።

ቀጥሎ የባሮክ ደራሲው የፐርሰል የዳይዶ ሙሾ ነው፤ በኦፔራው ንግሥት ዳይዶ ልትሞት ስትል የምትዘፍነው። ከሙሾው በፊት ያለው፣ እንደ ንግግር የሚዘፈነው አጭር ክፍል እንዳለቀ ቤዙ ብቻውን በግማሽ ድምፅ እየወረደ ይመጣል፤ አንዱ ዙር አምስት ባር (የምት ክፍል) ነው፤ 11 ጊዜ ይደጋገማል። እዚህ የሚያስቸግረው የዘፋኟ ሐረግ ቤዙ ዙሩን በሚጨርስበት ቦታ አለማለቁ ነው። እሷ ገና ስትዘፍን እሱ አዲስ ዙር ይጀምራል። የሐዘኑ ጉልበት ያለው እዚያ ስለሆነ እነዚያን መጋጠሚያዎች ጠብቁ።

ከዚያ ወደ ሬኔሳንስ። የደራሲው የጆስካን መዝሙር «አቬ ማሪያ፣ ቪርጎ ሴሬና» አራት ድምፅ ነው። መጀመሪያው ላይ ከላይኛው ድምፅ እስከ ታችኛው አንድ ሐረግ እየተቀባበሉ በተራ ይገባሉ። አንዴ የላይኛውን፣ ሌላ ጊዜ የታችኛውን ብቻ እየተከተላችሁ ስሙ። ኖታ ማንበብ ለሚችል፣ ኖታው አይ ኤም ኤስ ኤል ፒ (IMSLP) በሚባለው የኖታ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል።

የሌላው የሬኔሳንስ ደራሲ የፓለስትሪና ባለስድስት ድምፁ የቅዳሴ ሙዚቃ «ሚሳ ፓፔ ማርቼሊ» ከዚህ በኋላ አይከብድም። የእንግሊዛዊውን ደራሲ የታሊስን መዝሙር «ስፔም ኢን አሊየም» ግን አቆዩት፤ አምስት አምስት ድምፅ ያላቸው ስምንት መዘምራን፣ በድምሩ 40 ድምፅ ነው። እዚያ አንዱን ድምፅ ለይቶ መከተል አይሠራም፤ ዝማሬው ከየትኛው ወገን ወደየትኛው እንደሚዞር ብቻ ስሙ።