ተወዛዋዥ ወንበር ምንጣፍ ላይ አልሄድ ሲል

ሱቅ ውስጥ ተቀምጣችሁ ስትሞክሩት እንደ ልብ ይወዛወዝ ነበር። ቤት አምጥታችሁ ምንጣፍ ላይ ስታስቀምጡት ግን ግማሽ መንገድ ሄዶ ቀጥ ይላል። ሱቅ ውስጥ የሞከራችሁት ሴራሚክ ላይ ነዋ!

ወንበሩ የቆመው በሁለት ቀጫጭን ቅስት እንጨቶች ላይ ነው። ቅስት ስለሆኑ ደግሞ በአንድ ጊዜ ወለሉን የሚነኩት በትንሽዬ ቦታ ብቻ ነው፣ የተቀመጠው ሰው ክብደት በሙሉ እዚያች ላይ ያርፋል። ምንጣፉ ወፍራም ከሆነ፣ በተለይ አሜሪካ አፓርታማ ውስጥ እንዳለው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተነጥፎ ከስሩ ስፖንጅ ያለው ከሆነ፣ እንጨቱ ይሰምጣል። በተወዛወዛችሁ ቁጥር ከጉድጓድ ለመውጣት ይታገላል፣ ልክ ጭቃ እንደያዘው ጎማ።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ጥፋተኛውን ለዩ። ወንበሩን ኩሽና ወይም ኮሪደር ውሰዱና ባዶ ወለል ላይ ተቀመጡበት። እዚያም ከተንገጫገጨ ምንጣፉን አትውቀሱት። ገልብጡትና እጃችሁን ከቅስቶቹ ስር ከጫፍ እስከ ጫፍ አሂዱ። የተላጠ ቫርኒሽም ሆነ ብቅ ያለ ብሎን ካለ ጣታችሁ ያገኘዋል። የላላውን አጥብቁ፣ ሻካራውን መጀመሪያ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ በ220 አለስልሱት። በእንጨቱ ርዝመት እሹት፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ አትቆዩ፤ ቅስቱ ላይ ጠፍጣፋ ቦታ ከወጣ ያ ወንበር ዕድሜ ልኩን እዚያ ጋ ሲደርስ ይነጥራል።

ባዶ ወለል ላይ ጥሩ ከሄደ ችግሩ ምንጣፉ ነው። ዋናው መድኃኒት ከወንበሩ ስር ጠንካራ ነገር ማድረግ። እኔ የምመርጠው ኮምፔርሳቶ ነው። ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ይበቃል፣ ምንጣፉ በጣም የሚሰምጥ ከሆነ 18 አድርጉት። ልኩን ለማወቅ የቅስቱን ርዝመት ለኩና ከፊትም ከኋላም 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ጨምሩ፣ ወንበሩ ሲወዛወዝ ትንሽ ትንሽ ስለሚጓዝ ከጫፉ ላይ መውደቅ የለበትም። አንዱ ሙሉ ጣውላ አብዛኛውን ጊዜ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ግማሹ ለአብዛኛው ዓይነት ወንበር ይበቃል። አናጺ ቤት ስታስቆርጡ ጠርዙን ክብ እንዲያደርግላችሁ ንገሩት፣ ማታ በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው ጣቱን እንዳይመታ።

ጣውላው እንዲሁ ባዶውን ሳሎን ውስጥ ያስጠላል ካላችሁ ላዩ ላይ ፕላስቲክ ምንጣፍ፣ ያ በሜትር እየተቆረጠ የሚሸጠውን፣ በደንብ አጣብቁበት። ለቢሮ ወንበር የሚሸጠው ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክም ይሠራል፣ ግን ስስና ርካሹ ቶሎ ይጎደጉዳልና ወፍራሙን ግዙ። ከስሩ ጥርስ ያለውን ምረጡ፣ ምንጣፍ ላይ እንዳይሸራተት የሚይዘው እሱ ነው። ቤት ውስጥ አራስ ካለች፣ ሌሊት ሕፃን ታቅፋ የምትቀመጥበት ወንበር ከሆነ፣ ይሄ ወጪ አያስቆጭም። ልጁ ሊተኛ ሲል ወንበሩ አንዴ ከነጠረ አበቃ፣ እንደገና ከአንድ ትጀምራላችሁ።

ጣውላ አልፈልግም ለምትሉና ምንጣፋችሁ ስስ ለሆነ ደግሞ ነጭ ሻማ አለ። ቅስቶቹን ከስር በሻማው አሹ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ወልውሉ። ቀለም ያለው ሻማ ምንጣፉን ያበላሻል። ዘይት ግን በጭራሽ! እድፉ አይወጣም፣ አቧራም ይሰበስባል። የወንበር እግር ስር የሚለጠፈው ጨርቅ መሳይ ነገር ለፓርኬ እንጂ ለምንጣፍ አይሆንም፤ ምንጣፉን ይዞ እሱም ተላቆ ይወጣል።

ወንበሩ እየተወዛወዘ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሸሽ ከሆነ የምንጣፉን ፀጉር ተመልከቱ። እጃችሁን አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ አሂዱበት፣ በአንዱ በኩል ይተኛል፣ በሌላው ይቆማል። ወንበሩ የሚሸሸው አብዛኛውን ጊዜ ፀጉሩ ወደተኛበት ነው። አዙሩትና እንደገና ሞክሩ። ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚሽከረከር ከሆነ ግን ወይ አንዱ ቅስት ከሌላው ጋር እኩል አይደለም፣ ወይ የሚቀመጠው ሰው አንድ ጎን ላይ እየተጫነ ነው።

እስካሁን ምንጣፉ ላይ ሁለት መስመር ወጥቶ ከሆነ፣ መስመሩ ላይ በረዶ አስቀምጡና ሲቀልጥ ውኃውን በጨርቅ ምጠጡ፣ ከዚያ ፀጉሩን በማንኪያ ጀርባ ቀስ እያላችሁ አንሱት። ሳይደርቅ ወንበሩን አትመልሱበት።