እማማን አልጋ ላይ አታስቀሯቸው፦ አጥንት ሲሳሳ በሚመጣ የአከርካሪ ስብራት ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። አንዲት እናት ጄሪካን ሲያነሱ ወገባቸው ቀጭ አለ። ልጆቻቸው «ብርድ ነው» ብለው ወጌሻ ጠሩላቸው። እኔ ዘንድ ሲመጡ 2 ወር አልፏቸው ነበር፤ በሸክም ነው የገቡት።

«አልወደቁም፣ ምን ይሰብራቸዋል?» አትበሉ። ለሳሳ አከርካሪ ማጎንበስ፣ አንዳንዴም ማሳል ይበቃዋል። ድንገት የጀመረ፣ ሲቆሙ የሚብስና ሲተኙ ጋብ የሚል የጀርባ ሕመም ካለ ራጅ ይነሱ። የተሰበረ አከርካሪ አይታሽም፣ አይጎተትም።

የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። «እማዬ፣ አትነሺ፤ ሁሉንም እናመጣልሻለን።» ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ሕመሙ ከጠና ጥቂት ቀን ማረፍም ተገቢ ነው። ሳምንታት ሲሆን ግን ጡንቻ ይከሳል፣ የሳሳው አጥንት ይብሱን ይሳሳል፣ የእግር ደም ይረጋል፣ ሳንባ ይታመማል፣ ገላ ይቆስላል። የእኚያ እናት ወገብ ሕመሙ ቀሎለት ነበር፤ አልሸከም ያላቸው እግራቸው ነው። ሳይደገፉ ለማቆም ብቻ 3 ሳምንት ፈጀብን። እባካችሁ፣ ማስታገሻውን ስጧቸውና ሲሠራላቸው አስነሷቸው። በጎናቸው ይዙሩ፣ እግራቸውን ከአልጋ ያውርዱ፣ በክንዳቸው ገፍተው ይቀመጡ። ዛሬ እስከ በር፣ ነገ እስከ ግቢ። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ይቀንሳል።

ዳይክሎፌናክ የተባለውን ማስታገሻ ደጋግሞ መወጋት የአዛውንትን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል፣ ደም ግፊትም ይጨምራል። ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በፓራሲታሞል ነው፤ ሐኪም ባዘዘው መጠንና ሰዓት። ጠንከር ያለው ማስታገሻ ትራማዶል ከታዘዘ የሆድ ድርቀቱን ቀድማችሁ ተከላከሉ፤ ማማጥ ወገባቸውን ያሠቃየዋል።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲትን እናት ጎንበስ እያሉ የእግር ጣታቸውን እንዲነኩ አሠርቼ ሕመማቸውን አባብሼባቸዋለሁ። ዛሬም ይቆጨኛል። ወደፊት መታጠፍ የተሰበረውን አጥንት ይበልጥ ይጫነዋል። የሚጠቅመው ጀርባን ቀና የሚያደርግ እንቅስቃሴ ነው።

ሕመሙ ሲለቅ ሕክምናውን መተው ደግሞ አለ። አንድ ጊዜ የተሰበረ አከርካሪ ያለው ሰው ለሁለተኛ ስብራት በጣም የቀረበ ነው። ስለዚህ አጥንት የሚያጠነክር መድኃኒት ሐኪሙን ጠይቁ። አሌንድሮኔት ከታዘዘ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ብርጭቆ ንጹህ ውሃ ይዋጣል። ቡናም ቁርስም ይቆይ፤ 30 ደቂቃም ሳይተኙ ይቆዩ።

እግር ከሰነፈ፣ ሽንት ካመለጠ ወይም አልወጣ ካለ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ካለ ለሐኪሙ ንገሩ፤ የአከርካሪ ቲቢ ወይም ካንሰር ሊሆን ይችላል።