ማር፣ ሎሚና ጂን በደሴ፦ ብርቱካን ሲታከልበት የሚያጋጥም ችግርና መፍትሔው

ቢዝ ኒዝ የሚባለው ኮክቴል ጂን፣ ሎሚና ማር ብቻ ነው። የስሙ ቀጥተኛ ትርጉም «የንብ ጉልበቶች» (የእግሯ መታጠፊያ) ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የአሜሪካ አነጋገር «ወደር የለሽ» ማለት ነበር። የላስታ ነጭ ማር በሚገኝበት ወሎ ይህ መጠጥ በየቤቱ አለመለመዱ ይቆጨኛል። እኔ ብርቱካን አክልበታለሁ፤ ብዙው ብልሽትም የሚመጣው ከዚያ ነው።

መነሻ ልኩ በሾርባ ማንኪያ ጂን 4፣ የሎሚ ጭማቂ 1 ተኩል፣ በእኩል ውኃ የተበጠበጠ ማር 1 ተኩል ነው።

ጣፋጭ ብቻ ሆኖ ሲለሰልስ

ብርቱካኑ በሎሚው ምትክ ገብቷል ማለት ነው። የሎሚ ጭማቂ 6 በመቶ ገደማ አሲድ ሲኖረው የብርቱካን 1 በመቶ ቢሆን ነው፤ ስለዚህ አንዱ ሌላውን አይተካም። የሎሚውን ልክ ሳትነኩ ብርቱካን 1 ማንኪያ ጨምሩ፤ ማሩን ደግሞ ወደ 1 ማንኪያ ዝቅ አድርጉ። አሁንም ከጣፈጠ ሎሚ በጠብታ ጨምሩበት። ብርቱካን የሚፈለገው ለመዓዛው ነው።

ማሩ ከሥር ሲጋገር

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በክረምት ማር ማንኪያ እስከማያስገባ ድረስ ይረጋል። እንዲህ ያለውን ማር በቀጥታ ከበረዶ ጋር ብታገናኙት የባሰውን ይጠጥራል፤ ጂኑ ከላይ፣ ማሩ ከታች ይቀራል። ምንም ያህል ብትንጡት አይዋሐድም። መፍትሔው ቀድሞ መበጥበጥ ነው፦ አንድ እጅ ማር በአንድ እጅ ለብ ባለ ውኃ። የፈላ ውኃ ግን የማሩን ሽታ ያባርረዋል፤ ጣት የሚችለው ሙቀት ይበቃል። ከበረዶው በፊትም ማሩን፣ ጂኑንና ጭማቂውን አንድ ላይ አማስሏቸው።

ሲመርር

ሎሚው ከልክ በላይ ተጨምቋል፤ ወይም ነጩ የልጣጭ ሥጋ ገብቷል። ሎሚውን በመዳፍ ጠረጴዛ ላይ አሽታችሁ ቁረጡት፣ ከዚያ በቀስታ ጨምቁት፣ ፍሬውን አጥልሉ። አንዳንዱ ብርቱካን ደግሞ ጭማቂው ሲቆይ ይመርራል። እንግዳ ሳይመጣ አትጭመቁ።

መዓዛው ሲጠፋ

የብርቱካን ሽታ ያለው ከጭማቂው ይልቅ በልጣጩ ዘይት ውስጥ ነው። ገበያ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ብርቱካን ልጣጩ ይደርቃል፤ ከመርሳ በኩል ሲመጣ ትኩሱን፣ ጥፍር ሲነካው የሚሸተውን ምረጡ። በደንብ አጥባችሁ አውራ ጣት የሚያህል ስስ ልጣጭ፣ ነጩ ሳይከተል፣ በስለታም ቢላዋ አንሱ። የውጭ ገጹን ወደ መጠጡ አዙራችሁ በሁለት ጣት እጠፉት። በመስኮት ብርሃን ፊት ስታደርጉት ጭጋግ የመሰለ ብናኝ ብን ሲል ታያላችሁ፤ መጠጡ ላይም የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ የዘይት ዓይኖች ይንሳፈፋሉ። ካላያችሁ ልጣጩን ለውጡ። ይህን አንድ እንቅስቃሴ ከሁሉም አስበልጣለሁ።

ውኃ ውኃ ሲል

በረዶው ደቋል ወይም መቅለጥ ጀምሯል፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የተለመደ ነው። ውኃ በሻይ ብርጭቆ አቀዝቅዛችሁ በትልልቁ ተጠቀሙ። ክዳኑ በሚገጥም የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ 12 ሰከንድ ያህል ንጡና ወዲያው አጥልሉ።

እንግዳው አልኮል የማይጠጣ ከሆነ

ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ማዕድ ዙሪያ በሚቀመጥበት ወሎ ይህ በየቤቱ ያጋጥማል። ጂኑን አውጥቶ የቀረውን ማቅረብ ስህተት ነው፤ ከመጠን በላይ ይጎመዝዛል። በጂኑ ቦታ ቀጭን ብርዝ 6 ማንኪያ አድርጉ፣ ሎሚውን ወደ 1 ማንኪያ ቀንሱ፣ ልጣጩን ያው እንደ ሌላው ጨምቁበት። ያደረ ብርዝ መፍላት ስለሚጀምር በዕለቱ የተበጠበጠ ይሁን። ጠርሙሱም ጂን ገብቶበት የማያውቅ፣ ለዚሁ ብቻ የተለየ ይሁን።