ነጭ ሸሚዝ ብቻ አይበቃም፦ በትምህርት ቤት የሾአ ቀን የምንሠራቸው ስህተቶች

ልጄ ስድስተኛ ክፍል እያለ በዮም ሃሾአ፣ ማለትም ናዚዎች የጨፈጨፏቸው አይሁድ በሚታሰቡበት የሾአ ቀን፣ የትምህርት ቤቱ ቴኬስ (ሥነ ሥርዓት) ላይ እልል ልል ነበር። እውነቴን ነው። ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ሻማ ይዞ መድረክ ላይ ብቅ ሲል እጄ ሳላዝዘው ወደ አፌ ሄደ። አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት የኛ አገር ሴት ክንዴን ያዝ አደረገችና «ዛሬ አይባልም» አለችኝ። ዞር ብዬ ሳይ የሚያጨበጭብ እንኳ የለም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቴኬስ አይቻለሁ። የወላጆች ኮሚቴ ውስጥ ገብቼም አዘጋጅቻለሁ። ከዚህ በታች ያለውን ስህተት አብዛኛውን ራሴ ስለሠራሁት ማንንም ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው። እዚህ እስራኤል ያለነውን ኢትዮጵያውያን አይሁድ እያሰብኩ ነው፤ ዓመቶቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛው ስህተት፦ እንደ በዓል መዘጋጀት

እናቴ «ነገ ደግሞ ምንድን ነው?» ስትለኝ «የስድስት ሚሊዮን ሰው ተስካር» ብዬ መለስኩላት። ወዲያው ገባት። ችግሩ፣ ሌሊቱን ሙሉ ዳቦ ስትጋግር አደረች። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ያለ ድግስ ተስካር መቼ አውቃ። በሾአ ቀን ግን ድግስ የለም። ከዋዜማው ጀምሮ መዝናኛ ቦታዎች በሕግ ይዘጋሉ። ትምህርት ቤት ውስጥም አይጨበጨብም፤ ሃቲክቫ (ብሔራዊ መዝሙሩ) ቆሞ ይዘመርና ሰው ዝም ብሎ ይበተናል። ልጃችሁ ጥሩ ካነበበ ቤት ስትገቡ አቅፋችሁ ሳሙት። አዳራሹ ውስጥ «ጎበዝ!» ብሎ መጮህና ፎቶ ለማንሳት ከመድረኩ ሥር መጋፋት ግን ይቅር።

ሁለተኛው፦ ቀኖቹን ማምታታት

የእስራኤሉ ቀን በአይሁድ አቆጣጠር 27 ኒሳን ነው፤ ፔሳህ (የአይሁድ ፋሲካ) ካለፈ ከሳምንት ገደማ በኋላ ማለት ነው። ከሻባት (ሰንበት) ጋር ከተጠጋ በአንድ ቀን ይገፋል፣ ስለዚህ ያምናውን ቀን አትያዙ። ክኔሴት (ፓርላማው) የወሰነው በ1951 ሲሆን ሕግ የሆነው በ1959 ነው። ቀኑ የተመረጠው በ1943 ፔሳህ ዋዜማ የተጀመረውን የዋርሶ ጌቶ፣ ናዚዎች አይሁድን ያጎሩበት ሰፈር፣ አመፅ እንዲያስታውስ ተብሎ ነው፤ ሙሉ ስሙ ላይ «ግቩራ»፣ ጀግንነት የሚለው ቃል ያለውም ለዚህ ነው። ጃንዋሪ 27 ሌላ ነው። እሱ አውሽቪትስ የሚባለው የናዚዎች ካምፕ በ1945 ነፃ የወጣበት ቀን ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት በ2005 ዓለም አቀፍ መታሰቢያ አደረገው። የወደቁት ወታደሮች ቀን ደግሞ ከሾአ ቀን አንድ ሳምንት ቆይቶ ይመጣል። «ሁለቱም ልቅሶ ነው» ብሎ አንድ ላይ ማቡካት ልጁን ያደናግረዋል።

ሦስተኛው፦ ጽፊራውን (ሳይረኑን) ለልጁ ሳይነግሩ መተው

ይሄን በጣም አደራ። ጠዋት በ10 ሰዓት፣ እናቶቻችን በሚቆጥሩት 4 ሰዓት ላይ፣ በአገሩ ሁሉ ጽፊራው ለሁለት ደቂቃ ይጮሃል። መኪና ይቆማል፣ ሰው ወርዶ አስፋልት ላይ ቀጥ ይላል። ግን የዛሬ ልጆች ይህን ድምፅ ከምን ጋር ነው የሚያውቁት? ከሚሳይል ጋር። የመጨረሻ ልጄ ጋን (መዋለ ሕፃናት) እያለች ቤት ውስጥ ነበርን፤ ድምፁ ገና ሲጀምር አሻንጉሊቷን ታቅፋ ወደ ማማድ፣ ወደ ቤቱ መጠለያ ክፍል፣ ሮጠች። እኔ ሳሎን ውስጥ እንደ ምሰሶ ቆሜ «ነይ፣ ቁሚ» እላታለሁ። እሷ እያለቀሰች የማማዱን በር ትጎትታለች። ሁለቱ ደቂቃ እንደዚያ አለቀ።

በዋዜማው ማታ ንገሯቸው። የአደጋው ድምፅ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። የመታሰቢያው አንድ ወጥ ነው፣ አይወዛወዝም። ድምፁን በአፋችሁ አውጥታችሁ አሳዩዋቸው፤ ይስቃሉ፣ ይሳቁ። መቆም ካልቻለ ልጅ ደግሞ አብራችሁ ተቀመጡ። ማንም አይቆጣችሁም።

አራተኛው፦ «ስሜቱን ይቅመሱት» ማለት

ኮሚቴው ውስጥ እያለሁ አንድ አባት ልጆቹ ቢጫ ኮከብ ደረታቸው ላይ ለጥፈው፣ ሻንጣ ይዘው ተሰልፈው ይግቡ የሚል ሐሳብ አመጣ። እኔም እጄን አውጥቼ ደገፍኩ፤ ቆንጆ መስሎኝ። አንዲት አንጋፋ አስተማሪ «ወታደሩንስ የማን ልጅ ይጫወታል?» ብላ ጠየቀች። ሁላችንም ጸጥ አልን።

ያድ ቫሼም፣ የእስራኤል የሾአ መታሰቢያ ተቋም፣ ለመምህራን የሚያስተምረው መርህ ቀላል ነው፤ ልጁን በሰላም ማስገባት፣ በሰላም ማውጣት። ለትንሽ ልጅ የሬሳ ክምር ፎቶ አይታይም። አንድ ሰው መርጣችሁ የኑሮውን ታሪክ ንገሩት። ለምሳሌ ያኑሽ ኮርቻክ። ሐኪም ነበር፣ ለልጆች የሚጽፍ፣ ዋርሶ ውስጥ የወላጅ አልባ ልጆች ቤት የሚያስተዳድር። እዚያ ቤት ልጆቹ የራሳቸው ችሎት ነበራቸው፤ አስተማሪን ሳይቀር ከስሰው ያቆማሉ። የሁለተኛ ክፍል ልጅ ይህን ሲሰማ ዓይኑ ይበራል። በ1942 ወደ 200 የሚጠጉ ልጆቹን አልተውም ብሎ አብሯቸው ትሬብሊንካ ወደሚባለው የናዚዎች መግደያ ካምፕ መሄዱን ከፍ ሲል ይደርስበታል።

አምስተኛው፦ ቁጥር ብቻ መደርደር

ስድስት ሚሊዮን፣ ከዚያ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህሉ ሕፃናት። ቁጥሩን ማወቅ ያስፈልጋል፣ ግን ልጅ ጭንቅላት ውስጥ አይገባም፤ እኔም ጋ አይገባም። ያድ ቫሼም ድረ ገጽ ላይ ዘመድ ወይም ጎረቤት በእጁ ሞልቶ የፈረመባቸው የምስክርነት ወረቀቶች አሉ። ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የእናትና የአባት ስም፣ ሥራ። ልብስ ሰፊ። ዳቦ ጋጋሪ። ተማሪ። አንዷን ወረቀት ብቻ ከልጃችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ አንብቡ፤ መቶ አያስፈልግም።

ስድስተኛው፦ «ይሄ የኛ ታሪክ አይደለም» ብሎ ቤት መቅረት

ይህን ከራሳችን ሰዎች ስንቴ ሰምቼዋለሁ። «የአሽኬናዞች (የመካከለኛውና የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ) ነገር ነው።» አይደለም። ከግሪኳ ተሰሎንቄ በ1943 ከ40,000 በላይ አይሁድ ወደ አውሽቪትስ ተጭነዋል። የሊቢያ አይሁድ በ1942 ጃዶ የሚባል በረሃ ውስጥ ያለ ካምፕ ተልከው ከ500 በላይ አልቀዋል፣ አብዛኛው በታይፈስ። ቱኒዚያንም ናዚዎች ለስድስት ወር ያህል ይዘዋት ነበር። እርግጥ ካምፖቹ ጎንደርና ትግራይ ያሉ መንደሮቻችን አልደረሱም፤ ደርሰዋል ብለን መፍጠርም አያስፈልግም። የልጅህ የክፍል ጓደኛ ቅድመ አያት አይሁዳዊት ስለሆነች ብቻ ከተገደለች፣ አይሁዳዊ ነኝ ለሚል ሰው ይህ ሩቅ ሊሆን አይችልም።

ግን ተቃራኒውም ስህተት አለ። «እኛም ሱዳን ላይ አልቀናል፣ ማን ጠየቀን?» ብሎ በሾአ ቀን መነሣት። ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎቻችን ወደ እስራኤል ሲመጡ በመንገድና በሱዳን ካምፖች ቀርተዋል፤ ከኛ ቤትም አሉ። የነሱ ቀን 28 ኢያር፣ የኢየሩሳሌም ቀን ነው። መታሰቢያቸው የሄርዝል ተራራ ላይ ነው፣ ያድ ቫሼምም ያለው እዚያው ተራራ ነው። ትምህርት ቤቱ ያን ቀን ዝም ካለ በጊዜ ሄዳችሁ ጠይቁ። ሐዘን በሐዘን ላይ አይወዳደርም።

ስለ በዓላችን ስለ ስግድም ላንሳው፤ እሱንም ትምህርት ቤቱ በቅጡ እንዲያስተምረው መጠየቅ ያለብን እኛ ነን። በ29 ሄሽቫን እኛን የሚጠሩን ለእንጀራና ለእስክስታ ነው፤ እኛም ደስ ብሎን እንሄዳለን። ስግድ ከ2008 ጀምሮ በሕግ የታወቀ ብሔራዊ በዓል ነው፣ ጾምና ጸሎት ያለበት፣ ቄሶቹ ኦሪት የሚያነቡበት። እንጀራው የሚቆረሰው ጾሙ ሲፈታ ነው። አንድ ሽማግሌ ክፍል ገብተው ለልጆቹ እንዲያወሩ ጠይቁ። ዳንሱ ይደርሳል።

የመጨረሻው፦ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ

ባንክ ያስተረጉማል፣ ኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ክሊኒክ) ያስተረጉማል። ለምደነዋል። ከእልቂቱ የተረፉ ሰው ሲናገሩ ግን የአሥር ዓመት ልጅ አያቱ ጆሮ ሥር ሆኖ ያንን ሁሉ በአማርኛ ይድገም? አይሆንም። ሜጋሼሯ፣ ትምህርት ቤቱንና ቤተሰቦቻችንን የምታገናኘው ሴት፣ እንድትመጣ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ፣ ከሌለች ራሳችሁ አድርጉት።

አንድ ዓመት እኔ ነበርኩ ያስተረጎምኩት። ሰው ቤት፣ ሳሎን ውስጥ፣ አሥራ አምስት የምንሆን ሰዎች። ሴትዮዋ ከዘጠና ያልፋሉ። ብዙ ተናገሩ። ሲጨርሱ ጥያቄ አለ ወይ ተባለ፤ ወጣቶቹ ዝም አሉ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ «የእናትዎ ስም ማን ነበር በላቸው» አለችኝ። ነገርኳቸው። ሴትዮዋ ትንሽ ቆዩና ስሙን ጠሩ። ለእናቴ አፍ ከባድ የፖላንድ ስም ነው፤ በትክክል እስክትጠራው ድረስ ሦስት ጊዜ ደጋገመችው። ሴትዮዋ እጇን ይዘው በየጊዜው አረሟት።