«የምን ፎቶ?»፦ ለምስል አማራጭ ጽሑፍ እንዴት ይጻፋል

ሥራዬ ድረ ገጽ ላይ ጽሑፍና ፎቶ መጫን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የምንጠቀምበት ሲስተም ተቀየረና፣ ለእያንዳንዱ ምስል አማራጭ ጽሑፍ ካልተሞላ ሴቭ አላደርግም ማለት ጀመረ። እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ፤ ሳጥኑ ውስጥ «ፎቶ» ብዬ ጻፍኩ። ለሚቀጥለውም «ፎቶ»። ከዚያ ኮፒ ፔስት። አርባ ምስል በሩብ ሰዓት አለቀልኝ።

በሳምንቱ ዓይነ ስውር ባልደረባዬ ጠራኝና ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፈው። ስክሪን ሪደሩ፣ ማለትም ስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብለት ፕሮግራም፣ ገጻችንን እያነበበ ነው። «ፎቶ፣ ምስል። ፎቶ፣ ምስል። ፎቶ፣ ምስል።»

«ፎቶ መሆኑንስ ነገረኝ» አለ። «የምን ፎቶ?»

ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው እሱ አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ የጻፍኩትን በጆሮዬ እየሰማሁ የተማርኩት ነው።

አማራጭ ጽሑፍ ወይም አልት ቴክስት ከምስሉ ኮድ ጋር የሚቀመጥ አጭር ጽሑፍ ነው። የሚያይ ሰው በደህናው ጊዜ አያገኘውም። ስክሪን ሪደር ግን ምስሉ ጋ ሲደርስ ያነበዋል፣ ወይም ወደ ብሬይል ማሳያ ይልከዋል፦ ኮምፒውተር ላይ ኤንቪዲኤና ጆውስ፣ አይፎን ላይ ቮይስኦቨር፣ አንድሮይድ ላይ ቶክባክ። ኔትወርክ ደክሞ ምስሉ አልከፈት ሲልም ብራውዘሩ በቦታው የሚያሳየው ይህንኑ ጽሑፍ ነው።

ነገሩ አዲስ ፋሽን አይደለም። ድረ ገጽ የሚጻፍበት ኮድ፣ ኤችቲኤምኤል፣ አራተኛ እትሙ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲወጣ ለምስል አልት መጻፍን ግዴታ አድርጎታል። ዊካግ የሚባለው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያም እ.ኤ.አ. በ1999 ሲወጣ የመጀመሪያው ነጥቡ ይኸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው 2.2 እትሙ ላይም ቁጥር 1.1.1 ሆኖ ከፊት ተቀምጧል፤ ደረጃውም ኤ ነው፣ ማለትም ዝቅተኛው መስፈርት።

መጀመሪያ፣ ምስሉ እዚያ ምን ይሠራል?

ሳትጽፉ በፊት ይህን ጠይቁ። የአጉሊ መነጽር ምልክት አለ እንበል፤ ሲነካ ፍለጋ ይከፍታል። አማራጭ ጽሑፉ «አጉሊ መነጽር» ከሆነ ሰሚው መነጽር የምንሸጥ ሊመስለው ነው። «ፈልግ» በሉት። ወደ መጀመሪያው ገጽ የሚወስድ ሎጎ ከሆነ የድርጅቱን ስምና «መነሻ ገጽ» የሚለውን ጻፉ። የሎጎው ቀለም ሰማያዊ ይሁን ቢጫ፣ ሊንኩን ለሚነካ ሰው ምንም አይጠቅመውም።

ምስሉ ጌጥ ብቻ ከሆነስ? አንቀጽ የሚለይ መስመር፣ ጥግ ላይ ያለ አበባ፣ ከርዕሱ ጎን ያለ ከዋክብት የመሰለ ነገር? ባዶ ተዉት። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ባዶ መተው ማለት አልት የሚለው ኮዱ ውስጥ ተጽፎ፣ በሁለቱ ትእምርተ ጥቅሶች መሃል ምንም ሳይኖር ማለት ነው። ስክሪን ሪደሩ ያን ሲያይ ዝም ብሎ ያልፋል። አልት የሚለውን ጨርሶ ካጠፋችሁት ግን አንዳንዱ የፋይሉን ስም ማንበብ ይጀምራል፦ «አይኤምጂ፣ የሥር ሰረዝ፣ 4027…»። ባልደረባዬ አንዴ እንዲህ ያለውን ሲሰማ የስልክ ቁጥር መስሎት ሊጽፈው ወረቀት ፈለገ። ሊንክ የሆነን ምስል ደግሞ፣ ሊንኩ ውስጥ ሌላ ጽሑፍ ከሌለ፣ በፍጹም ባዶ አትተዉ። ሰውየው የት እንደሚወስደው ሳያውቅ በር እንዲከፍት ማድረግ ነው።

አንድ ፎቶ ብዙ ቦታ ሲገባ ጽሑፉ አንድ ዓይነት መሆን የለበትም። አንዲት ሴት በዊልቸር የቤተ መጻሕፍት በር ላይ ስትደርስ የሚያሳይ ፎቶ አለን። ስለ ሕንፃ ተደራሽነት በሚያወራ ጽሑፍ ውስጥ «የቤተ መጻሕፍት መግቢያ፤ ከደረጃው ጎን ሰፊ ራምፕ አለ፣ አንዲት ሴት በዊልቸር እየወጣችበት ነው» ብዬ ጻፍኩ። መግቢያው ተቀይሯል የሚል ማስታወቂያ ላይ ያው ፎቶ ሲገባ «አዲሱ መግቢያ፦ ከደረጃው በስተቀኝ፣ አረንጓዴ በር» ሆነ። እዚህኛው ላይ ሴትዮዋ ወጣች፣ ቀለሙ ገባ። ትንሽ የሚያይ ሰውም ሆነ መንገድ የሚጠይቅ ሰው አረንጓዴውን በር ይፈልገዋል።

የአማርኛ ጣጣ

በሌላ ቋንቋ የተጻፉ መመሪያዎች ይህን አይነግሯችሁም። አማርኛ ቅጽሉን ሁሉ ደርድሮ፣ ዋናውን ስም መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው። በዓይን ሲነበብ ችግር የለውም፤ ዓይን ይዘልላል። ጆሮ አይዘልልም። አንዴ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«አንገቱ ላይ ብርቱካናማ ጨርቅ የታሰረለት፣ ምላሱን ያወጣ፣ ሣር ላይ የተጋደመ፣ ጥቁርና ነጭ ውሻ»

ባልደረባዬ እስከ «የተጋደመ» ድረስ ፊቱ ተጨማዶ ሰማ። «እኔ እኮ ሰው አደጋ ደርሶበት መስሎኝ ነው» አለኝ። አስተካከልኩት፦

«ውሻ ሣር ላይ ተጋድሞ ምላሱን አውጥቷል። ጥቁርና ነጭ ነው፤ አንገቱ ላይ ብርቱካናማ ጨርቅ አስሯል።»

የሰዋስው መምህሬ ቢያየው ሁለተኛውን እንደ ውበት ላይቆጥረው ይችላል። ግን በመጀመሪያው ቃል ውሻ መሆኑን አወቅን። ያ የበቃው ሰው ቀሪውን አቋርጦ ያልፋል፤ ስክሪን ሪደር የሚጠቀሙ ሰዎች ደግሞ ማቋረጥ ላይ ፈጣኖች ናቸው።

ሌላው ጣጣ ፆታ ነው። አማርኛ «ሰው ያነባል» ሲል እንኳ ወንድ ያደርገዋል። ፎቶው ላይ ያለው ሰው ማን እንደሆነ ካወቃችሁ በስሙ ጻፉ። ካላወቃችሁና ፎቶው ላይ ፊት ከሌለ አትገምቱ። «ኪቦርድ ላይ የሚጽፉ እጆች» ብትሉ ማንም አይጎዳም። አንቱታም እንደዚሁ ነው። ጽሑፉ ውስጥ «እሳቸው» ያልናቸውን ሰው አማራጭ ጽሑፉ ላይ «ቆሟል» ብዬ ጽፌ አውቃለሁ። ማንም የሚያይ ሰው ስላልደረሰበት ለወራት እንደዚያው ከረመ፤ የሚሰማው ግን በየጊዜው ሰምቶታል።

አሕጽሮትን ዘርዝሩት። «ዓ.ም.» የሚለውን ሰው ሲያነብ በልማድ ያሟላዋል፣ የማሽን ድምፅ ግን ነጥቡንም ፊደሉንም ሊቆጥርላችሁ ይችላል። የገጹ ቋንቋ አማርኛ መሆኑም ኮዱ ላይ መገለጹን አረጋግጡ። ከኤንቪዲኤ ጋር የሚመጣው ኢስፒክ የሚባለው ድምፅ አማርኛ ያነባል። ገጹ እንግሊዝኛ ነኝ ብሎ ከተመዘገበ ግን ስክሪን ሪደሩ በእንግሊዝኛ ድምፅ ሊያነበው ይሞክራል፤ ፊደላችንን የማያውቅ ድምፅ ደግሞ ወይ ይንተባተባል ወይ ጭራሽ ዝም ይላል። ያኔ ስንት የለፋችሁበት ጽሑፍ ከንቱ ቀረ።

ስንት ቃል ይበቃል?

125 ፊደል የሚባል ቁጥር ሲዞር ሰምታችሁ ይሆናል። ዊካግ ውስጥ እንዲህ ያለ ገደብ የለም። እኔ ከሁለት ዓረፍተ ነገር ካለፈብኝ ትርፉን ወደ ገጹ ጽሑፍ አወጣዋለሁ። አማራጭ ጽሑፍ ውስጥ ርዕስ፣ ዝርዝር፣ ሊንክ ማስገባት አይቻልም፤ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ ነው የሚነበበው። «የ… ፎቶ» ብላችሁም አትጀምሩ፤ ምስል መሆኑን ስክሪን ሪደሩ ራሱ ይናገራል። የእርሳስ ሥዕል ወይም የድሮ ካርታ ከሆነና ያ ለነገሩ አስፈላጊ ከሆነ ግን ጥቀሱት። ከምስሉ ሥር መግለጫ ካለም መልሳችሁ አትድገሙት።

ግራፍ ላይ በጣም የሚያናድደኝ «ባር ግራፍ» ብሎ ማለፍ ነው። ግራፉን ያስገባችሁት አንድ ነገር ለማሳየት ነው አይደል? ያንን ተናገሩ፦ «ግራፍ፦ የገጹ ጎብኚዎች በሦስት ወር ከ200 ወደ 900 አድገዋል፤ ትልቁ ጭማሪ በመጨረሻው ወር ነው»። ቀሪዎቹን ቁጥሮች ከግራፉ ሥር በሰንጠረዥ አስቀምጡ። ሰንጠረዡን የሚያዩ ሰዎችም ይወዱታል፤ እኔ ራሴ የባሮቹን ቁመት በዓይን ከመለካት ተገላግያለሁ።

ፖስተር ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ መመዝገቢያው ሁሉ ምስል ውስጥ ታሽጎ፣ አማራጭ ጽሑፉ «ማስታወቂያ» ይላል። ስብሰባው አለ፣ የት እንደሆነ ግን አይነገርህም። ሙሉ መልእክቱን ገጹ ላይ በጽሑፍ አውጡትና ለምስሉ አጭር ነገር ጻፉ። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይም ቦታው አለ፤ ኤክስ ለአንድ ምስል እስከ 1000 ፊደል ይፈቅዳል።

ማሽን ይጻፍልኝ የሚል ጥያቄ አሁን አሁን ይበዛብኛል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በራሱ ይገምታል፤ ዛሬ ያሉት መሣሪያዎች ከያኔው በጣም ይሻላሉ። ለመነሻ እጠቀምባቸዋለሁ። ነገር ግን የቤተ መጻሕፍቱን ፎቶ ብሰጠው ሴትዮዋን፣ ዊልቸሩን፣ ዛፉን፣ ሰማዩን ይዘረዝርልኛል። በሩ መቀየሩን የማውቀው እኔ ነኝ።

ስትጨርሱ በጆሮ ሞክሩት። ስልካችሁ ላይ ቶክባክን ወይም ቮይስኦቨርን ክፈቱና ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ገጹን በጣት ጠረግ ጠረግ እያደረጋችሁ እለፉ። ከመክፈታችሁ በፊት ግን እንዴት እንደሚዘጋ እወቁ! ሲበራ አንድ ጊዜ መንካት ማንበብ ብቻ ነው፣ ለመክፈት ሁለቴ መታ መታ ማድረግ ያስፈልጋል። እኔ ይህን ሳላውቅ ከፍቼው ግማሽ ሰዓት ከገዛ ስልኬ ጋር ስታገል፣ ባልደረባዬ እየሳቀ ነው ያጠፋልኝ።

እነዚያን አርባ ምስሎች እንደገና ስሠራ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አሥራ ሰባቱ ጌጥ ስለነበሩ ባዶ ሆኑ። ሃያው በቂ ጽሑፍ አገኙ። የቀሩትን ሦስቱን ባልደረባዬ «የምን ናቸው?» ሲለኝ ለምን እንዳስገባኋቸው ራሴም መመለስ አቃተኝ። አጠፋኋቸው።